የረቡዕና የዓርብ ድስት

አባ ሶሬቲ፣ እንዴት ነህ? ያለህበት ሰላም እንደሆነ ስለማምን መልስ አልጠብቅም። ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ ኅዳር ገባ። ባል በስሙ አይጠራም ብላ እናቴ ስላሳደገችኝ ዕድሜዬን ሙሉ በልጃችን ስም ስጠራህ ኖሬያለሁ፤ አሁንም ቶሎሳ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የስፌት መኪናህን ሶሬቲ ይዛዋለች። ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ሰልፍ የተማሪዎቹን ልብስ ሰፍታ አደረሰች። ቁልፍ ስትተክል እንደ አንተ ጠበቅ ታደርጋለች፤ ምላሷ ግን የእኔ ነው፣ ደንበኛ ታስቀይማለች። በጓሮ በኩል ያለው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ነገ እጠግነዋለሁ ስትል የኖርከውን ማለቴ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ነገር ነው።

እኛ የሚሲዮን ሰዎች ረቡዕና ዓርብን አንጾምም። አንተ ግን እሳቸው አጥራችን ጥግ ከገቡ ጀምሮ በእነዚያ ቀናት ቅቤ ከድስት እንዳይገባ ከለከልከኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዘመዳቸው ሁሉ ጎጃም የቀረባቸው ሴት ብቻቸውን አይብሉ፤ ቤታችን ሲገቡም ይህ ይጾማል አይጾምም ብለው ሳይጨነቁ እጃቸውን ይስደዱ ነበር ሐሳብህ። ስንት ጊዜ አጉረመረምኩብህ! አንጮቴን የመሰለ ሥራሥር በኑግ ዘይት የሚበላ የወለጋ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አንተ ቅቤ ወዳዱ ግን ዝም ብለህ ትውጠው ነበር። ስብከት የሚባል አልሰበክካቸውም። በኦሮምኛ ትጸልያለህ፣ እሳቸው ያማትባሉ፣ እንበላለን።

ነገሩ በሁለቱም ወገን አስወቅሶሃል። የጉባኤያችን ሽማግሌ ወደ ድሮው ጾም ተመለስክ ወይ ብለው ሊገሥጹህ መጡ። እትዬ ዘነበችንም ወገኖቻቸው ጸረ ማርያም ቤት ይበላሉ እያሉ ያሟቸው ነበር። ለሽማግሌው የመለስክላቸውን አልረሳም፦ «ጾሙ የእሳቸው ነው፤ በሩ ግን የእኔ ነው።»

የሞትክ ዕለት እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱልህ። አርባህ ሲደርስ ግን የተዝካር እህል ላግዝሽ ብለው መጡ። በእኛ እምነት ተዝካር እንደማይወጣ ነገርኳቸው። አልገባቸውም፣ ወይም ገብቷቸው መረራቸው፤ ያን ያህል ዘመን ያበላኝን ሰው ነፍሱን የሚያስባት ጠፋ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጡም። በአጥር ላይ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ስላቸው እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሞትህ ቀጥሎ ያንገበገበኝ ይህ ነው። አንተ ስትከፍተው የኖርከውን በር እኔ በአርባ ቀን ዘጋሁት አልኩ። ተዝካሩን ላውጣ እንዳልል ደግሞ የማላምንበትን ለሰው ብዬ ብሠራ አንተም አትወድልኝም።

ድስቱን ግን አልተውኩም፤ ረቡዕና ዓርብ በዘይት እሠራለሁ። ሶሬቲ ማንም ላይመጣ ለምን በቅቤ አንበላም ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔም ዘይቱን አንስቼ ድስቱ ላይ ጨመርኩ።

በጥቅምት ወባ ጣለኝ። ሶሬቲ የሰልፉን ልብስ ይዛ ዲጋ ሄዳለች። ብቻዬን ስንቀጠቀጥ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘነበች በነጠላቸው የሸፈኑትን ሳህን ይዘው ገቡ። አንጮቴ ነው፣ ቅቤ የሚንሳፈፍበት። ቀኑ ዓርብ ነበር። በዓርብ ቅቤ የነካ ማንኪያ የማይነኩት ሴት በራሳቸው ምድጃ፣ በራሳቸው ድስት ሠርተውልኝ መጡ። ቀና አድርገው አጎረሱኝ። ጨው ብቻ! አፌ ተቃጠለ። ፊቴን ሲያዩ፣ «ዓርብ ሆኖብኝ አልቀመስኩትም፤ ጨው በዛ እንዴ?» አሉ። ኧረ ልክ ነው አልኳቸው። እግዜር ውሸቴን ይቅር ይበለኝ፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጌ በላሁና እስኪመሽ ውሃ ስጠጣ ዋልኩ። እንባዬም መጣ፤ በወባው አሳበብኩ።

ረቡዕ መጡ። ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ እንደ አንተ ጸለይኩ፣ እሳቸው አማተቡ። ጎመኑን በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ «እኔ ይህን ማዕድ የሰውየው ተዝካር ነው ብዬ ነው የምበላው። አንቺ ያሻሽን በይው» አሉኝ።

አልተከራከርኳቸውም፣ አባ ሶሬቲ። ሽማግሌው ሰምተው ቢመጡ አንተ ያልካቸውን እላቸዋለሁ። እጄ እስከሠራ ድረስ በረቡዕና በዓርብ ቅቤ ከድስቴ አይገባም፤ በዚያው አስብሃለሁ። አንጮቴው በዘይት አሁንም አይጣፍጥም።

ሚስትህ፣ ከነቀምቴ