ሦስተኛው ብርጭቆ

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ መንቀጥቀጡን ተወልሽ ወይ? ባልሽስ ወገቡን ይዞ ማቃሰቱን ቀነሰ ወይስ አሁንም ሸክሙን ለሰው አልሰጥም ይላል? መንትዮቹስ አንዷ የሌላዋን ጫማ እያደረገች መጣላታቸውን አቆሙ? አባባስ ከወደቀ ወዲህ እንዴት ነው? ምርኩዙን እሺ ብሎ ይመረኮዛል ወይስ እንደ ጃንጥላ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እጄ በሳሙና ብዛት ከመሰነጣጠቁ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ ናፍቆታችሁን ካልቆጠርሽብኝ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንደ ልማድሽ ቤተሰቡን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ አታንብቢው። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፤ ከዚያ የሚነበበውን አንብበሽ የሚዘለለውን ትዘልያለሽ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? የእኔን ያወጣው እውነተኛ ብቅል ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ መጠጥ ፋብሪካ ሥራ ገባሁ ስልሽ የለስላሳ መስሎሽ፣ «እሰይ፣ ከእንግዲህ ስኳር አታጣም» ብለሽ ስትስቂ ዝም አልኩ። የለስላሳ አይደለም፣ የቢራ ነው። ስድስት ሆነን የምንሠራበት ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ነው፤ እኔ ታንክና ቧንቧ አጥባለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሸሁሽም፣ ዝም አልኩ እንጂ። ግን እንዲህ ያለው ዝምታ ከውሸት እንደማይሻል አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።

መሐላውን አልረሳሁትም። አባባ መሸታ ቤት ረስቶኝ ብቻውን ቤት የገባ ቀን እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ አምስት። በቀትር ፀሐይ ሮጠሽ መጥተሽ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ አገኘሽኝ። አዝለሽኝ ስትመለሺ መንገድ ላይ አወረድሽኝና ጠብታ እንዳልቀምስ በእናታችን መቃብር አስማልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረምሳ ሆኜ እንኳን በር ላይ ቆመሽ «አፍህን ክፈት» ሳትዪኝ አስገብተሽኝ አታውቂም። አባባ ገብቶ ኮቱን ምስማሩ ላይ ሲሰቅል ደግሞ በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ፤ እኔም ሹልክ ብዬ ሄጄ ኮቱን አሸታለሁ። ቢራ ከሆነ ይዘፍናል፣ አረቄ ከሆነ ዕቃ ይሰበራል፣ ሁለቱ ከተደባለቁ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መሸሽ ነው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አፍንጫዬን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ሆኗል።

እንዴት መሰለሽ፣ እዚህ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከባለቤቲቱ እስከ አጣቢው ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንቀምሳለን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ቡና የጠጣ ወይም ሽቶ የተቀባ አይቀርብም። ሁሉም ሐሳቡን ቁራጭ ወረቀት ላይ እስኪጽፍ ማንም ትንፍሽ አይልም። ባለቤቲቱ ድሮ መድኃኒት ቀማሚ ነበረች፤ ይህን ጸጥታ ከዚያ ያመጣችው ይመስለኛል። መትፋት ለፈለገ ባልዲ አለ። እኔም ዓመት ሙሉ እያሸተትኩ፣ ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ እያስነካሁ፣ በኋላ ባልዲው ውስጥ ስገለብጥ ኖርኩ። በአፍንጫዬ ብቻ እየጻፍኩ «ይህ ሰው ምላስ አለው» ተባልኩ። ሲያመሰግኑኝ አፍሬ መሬት መሬት አይ ነበር፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው።

ባለፈው ሐሙስ የቀረበልን በቤልጂየም አሠራር የተጠመቀ ጥቁር ቢራ ነው። ጠማቂያችን ሁለት ወር ተኩል እንደ አራስ ሲጠብቀው ነበር። ሰውዬውን «አቶ ቆይ» እንለዋለን፤ ቤቱ ተቃጠለ ብትዪው እንኳ መጀመሪያ «ቆይ» ነው የሚልሽ። ከሦስት ታንክ ሦስት ብርጭቆ ተቀዳልን። መልኩ የተቃጠለ ስኳር ነው፣ አረፋው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሳሸተው ዘቢብ፣ ተምር፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ ቅርንፉድ አገኘሁ። ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ከዘቢቡ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ ባልዲ ውስጥ የከረመ የመወልወያ ጨርቅ የመሰለ። ሦስተኛውን ታንክ ያጠብኩት አባባ መውደቁን በስልክ የነገርሽኝ ቀን ነበር።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ አምስቱ «ይውጣ» ይላሉ። የእኔ «ሦስተኛው አይውጣ» ይላል። አቶ ቆይ ከፋው። እርሾው ነው አለ፤ የዚህ ዓይነት ቢራ እርሾ ሽታው ብዙ ነው፣ ቧንቧ አጣቢ ይህን ከየት ያውቀዋል አለ። ይሄኔ ቆርኪ የምትመታው ሴትዮ ዓይኗ ብርጭቆዎቼ ላይ አረፈ። ንባቡ ቶሎ ስለተጀመረ ሳልገለብጣቸው ሦስቱም እንደተቀዱ ቆመዋል።

«ለመሆኑ አንተ ቀምሰህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እታለም፣ የመሐላውን ነገር እንዳለ ነገርኳቸው፤ መቃብሩንም፣ ኮቱንም። ማንም አልሳቀም። አቶ ቆይ ሦስተኛውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «መሐላህን አከብራለሁ፤ ግን ባልቀመሰ ሰው ቃል አንድ ታንክ ቢራ አልደፋም» አለ።

ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ቢራው ወጥቶ ሰው ቤት ቢበላሽ ጥፋቱ የእርሾው ይሆናል፤ የእኔ መሐላም፣ የእኔ ሥራም በሰላም ይኖራሉ። ብናገር ደግሞ መሐላዬ ይፈርሳል፣ በደንብ ያላጠብኩትም ይታወቃል። ያን ቀን ዝምታ ሰለቸኝ። ጠጣሁ። አቶ ቆይ መራራነቱ የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነው ስላለኝ አልተፋሁትም፤ ከመጀመሪያው አንድ ጉንጭ፣ ከሦስተኛው አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ሦስተኛው እንዳልኩት ነበር፤ ጣፋጩ እንዳለፈ ያ ጨርቅ ከነሆምጣጤው መጣ።

የመጀመሪያው ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ነበር። ዳቦው ቀደመ፣ ተምሩ ተከተለ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ሙቀት ቁጭ አለ። ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደልኝ። እጄ ብርጭቆውን ለመልቀቅ ዘገየ፤ እኔም አየሁት፣ ፈራሁም። አባባ ወደዚያ ጠረጴዛ በየቀኑ ለምን ይመለስ እንደነበር በዚያች ጉንጭ ገባኝ። ስገነዘበው አዘንኩለት፤ ከዚያ በፊት አዝኜለት አላውቅም ነበር።

አቶ ቆይም እንደገና ቀመሰ። «ቆይ» ብሎ መፍቻ ይዞ ተነሣ። የሦስተኛውን ታንክ ቧንቧ መገጣጠሚያ ሲፈታው ውስጡ ያለችው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒ የምንላት፣ ሥሯ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሯል። ጎሚኒዋን አውጥቶ ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። ያን ቀን ስልክሽ ልቤን ወስዶት ሳልፈታት በላይ በላዩ ውሃ ለቅቄ ነበር የሄድኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አልነበረኝም። እኔ ነኝ አልኳቸው። የሁለት ወር ተኩል ልፋት በወለሉ ፍሳሽ ሲወርድ ሁላችንም ቆመን አየን። ቆርኪ መቺዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ «አሁንስ እኔም ሸተተኝ» አለች።

እንደሚያባርሩኝ አልተጠራጠርኩም። ባለቤቲቱ ግን በማግስቱ ጠርታ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ የሚያወጣ አፍንጫ ቧንቧ ሲያጥብ አይኖርም አለችኝ። አቶ ቆይ ረዳቱ ሆኜ ጥመቃውን እንድማር ይፈልጋል። ሥራው ግን በየሳምንቱ መቅመስን ይጠይቃል፤ ብዙውን ይተፉታል፣ ጥቂቱን ይውጡታል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ እሱን «ቆይ» አልኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል።

መሐላውን ያሰርሽው አንቺ ነሽና መፍታቱም ማጥበቁም በእጅሽ ነው። አፍርሼ መጥቼ መጠየቄ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ እጄ የዘገየባትን ያችን ቅጽበት ደግሞ እፈራታለሁ። ሁለቱንም የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። አፍህን ክፈት ትዪኝ አልነበር? ይኸው በወረቀት ከፍቼልሻለሁ። እንቢ ካልሽኝ ቧንቧዬን አጥባለሁ፤ ጎሚኒዋንም እየፈታሁ።

ባልሽን ወገቡን ይማርልኝ በይልኝ። መንትዮቹን አንዴ ከሳምሻቸው እንዳይጣሉ እኩል እኩል ሳሚያቸው። ልብስ ሰፊዋን፣ ያኔ ለከፈተችልን በር ዛሬም አመሰግናታለሁ በያት።

ለአባባ እጅ ነሥቻለሁ። መጠጡን ከተወ አራት ዓመቱ ነው፣ እኔ ከቤት ከወጣሁ አምስት። እስቲ እሱ ሳያይሽ ኮቱን ከምስማሩ አውርደሽ አሽቺልኝና ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ። እኔ የማውቀው የመጠጡን ሽታ ነው፤ የአባባን አላውቀውም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር ፲፪ ቀን