ድምፅ የሌለው ፓወር ሰፕላይ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ፍሬሰላም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የጅማ ዝናብ ጉልበትዎን እንዳላስቸገረው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለነው ደህና ነን፤ ሱቁም ምንም አይል።

ወንድማችን እንድርያስ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ቤት እየዋለ ኤሌክትሮኒክስ መማር ጀምሯል። ለመለማመጃ ቮልቱ ከፍ ዝቅ የሚል ፓወር ሰፕላይ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ኃይል መስጫ ሣጥን፣ ስላስፈለገው አብረን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወረድን። እኔ ርካሹን ልገዛ ነበር። ሻጩ መሥራቱን ሊያሳየን፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሁለቱን ሽቦዎች አነካካቸው። ብልጭ ብሎ ጧ አለ። ዞር ስል እንድርያስ ባንኮኒው ሥር ነው።

«ምነው ጀለሴ፣ ብር ወደቀብህ እንዴ?» አለው ሻጩ እየሳቀ።

«አዎ» አለ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬው ፈለግሁ።

የገዛሁት ዋጋው ከፍ ያለውን ነው። ሽቦዎቹ ሲነካኩ ራሱ ኃይሉን ይገድብና ቀይ መብራት ብቻ ያበራል፤ ድምፅ የለውም። ትናንት እንድርያስ ሽቦዎቹን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አነካካቸው። ምንም አልጮኸም። እንደገና አነካካቸው። ራቱ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ይህንኑ ሲያደርግ ነበር።

ለልጅዎ ለማሂ ሠርግ እንድንመጣ ጠይቀውኛል፤ ሁለታችንም እንመጣለን። ርችት የሚተኮስ ከሆነ ግን ሰዓቱን አስቀድመው ይጻፉልኝ። በዚያ ሰዓት እሱን ይዤ ለስላሳ ልገዛ ራቅ ወዳለ ሱቅ እሄዳለሁ።

ሙሽራዋን ይሳሙልኝ። ልደታ ማርያም ቤትዎን በሰላም ትጠብቅልን።

እህትዎ ቤዛ