ለካቢኔቱ የሠራሁት ዳንቴል

ጥቅምት 11 ቀን 1979
ዳንቴሉን ጨረስኩ። ለቤቴ አይደለም… ጀርሙን ስቦ እንዳይዘን ላቦራቶሪያችን ለገባው አዲሱ የአየር ካቢኔት ነው። የኮተቤ መንገድ አቧራ እንደዚያ ያለ ዕቃ ላይ ሲያርፍ አላስችለኝ አለ። አቧራ እንዳያሳልፍ ከሥሩ የላስቲክ ገበር ሰፍቼ አናቱ ላይ አለበስኩት። አለቃችን ጓድ ዓለምሰገድ «የሻሽ፣ ሙሽራ አስመሰልሽው» አሉኝ። ባልደረባዬ ለተብርሃን ሳቀች። «ለብረት ዳንቴል፣ ለእኔ ሹራብ እንኳ የለም።» ቀኑን ሙሉ እሱ ፊት ተቀምጣ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም የምታሳድገው እሷ ናት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 2
ለተብርሃን ታስላለች። ብርድ ነው ትላለች።

ጥር 5
አክታዋን እኔው መረመርኩት። ነቀርሳ… ደግሜ አየሁ። ያው ነው። ካቢኔቱ እያለ ከየት መጣባት?

ጥር 8
ካቢኔቱን የተከለው ገብረኣብ ተጠርቶ መጣ። የካቢኔቱ አፍ ላይ ቀጭን ክር ያዘ። ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። ዝም ብሎ ተንጠለጠለ… አንዳንዴም ወደ እኛ ይወዛወዛል። ቀና አለ። ዳንቴሉን አነሳው። ክሩ ወዲያው ወደ ውስጥ ተሳበ።
«አየሩ ከፊት ይገባል፣ ጀርሙን ማጣሪያው ያስቀረዋል፣ ንጹሑ በአናት ይወጣል። መውጫው ከታፈነ ከፊት ምን ይገባል? ጀርሙ ወደ ሠራተኛዋ ነው የሚመለሰው። ማነው ያለበሰው?»
ጓድ ዓለምሰገድ ወለል ወለሉን አዩ። እኔ ዳንቴሉን ተቀብዬ አጣጠፍኩ።
እሱ ከሄደ በኋላ «አሻጥር ይሉናል» አሉ። «ለተብርሃን ናት ብለን እንጻፍ። እሷ አይደለች የምትሠራበት?»
አሁንም ዝም አልኩ። ምን ያዘኝ? እሷ ቤቷ ታማ ተኝታ…

ጥር 11
ጥምቀት። ታቦት ፊት መቆም አፈርኩ። ከቤት አልወጣሁም። አሻጥር ከተባለ እስር አለ። ለእሷማ የባሰ ነው፤ ወንድሟ በረሃ ገባ እየተባለ ይታማል። ይህን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።

ጥር 13
ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። «እኔ ነኝ። የእኔን ስም ይጻፉ።»
ከዚያ ገርጂ፣ ቤቷ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት።
«ዳንቴሉን ሳታውቂ ነው» አለች። «ዝም ያልሽውስ?»
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ…

ሐምሌ 6
እስሩ ቀርቶልኝ ከደረጃዬ ዝቅ ተደረግኩ። ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ይበለኝ።
ለተብርሃን መርፌዋን ጨርሳ ዛሬ ሥራ ገባች። ከስታለች። እኔን አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው የካቢኔቱን አናት ነው። አቧራ ብቻ። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘችና አፉ ላይ ያዘች። ወደ ውስጥ ተሳበ። ከዚያ ወደ እኔ መጣች፤ ክሩን እርጥብ እጄ ላይ አስቀመጠችው።
«ከነገ ጀምሮ፣ እኔ ከመቀመጤ በፊት አንቺ ያዢልኝ።»
እሺ አልኳት። ቀና ብዬ ግን ላያት አልቻልኩም።