«ዝምተኛ ነበረች» ለተባልሽው እናቴ

እማዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽና እንዴት ነሽ? ከሄድሽ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ውሸቱን ዘመዶችሽ ጨርሰውታል።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ ጭር አለ እንጂ። አንድ ቀን እራት ላይ አባባ አንቺን ሊተኩ ቀልድ ሞከሩ። መሀል ላይ ጠፋባቸውና «ቆይ ይመጣልኛል» ብለው እንጀራቸውን ቀጠሉ። ይኸው እስካሁን አልመጣላቸውም። እኔም ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ያኔ መምህሩ «የዚያች የወፈፌ ልጅ» ቢለኝ ደብተሬን ወርውሬበት ስመጣ፣ አንቺ «መታሽው ወይስ ሳትሽው?» ነበር ያልሽኝ። ሳትኩት ብልሽ «ታዲያ ስምንት ዓመት ምን ተማርሽ!» ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ በኋላ ነው ጓዳ ገብተሽ ያለቀስሽው። ያላየሁ መስሎሽ ነበር።

አሁን የቀብርሽን ጉድ ላውራሽ።

ወንድምሽ ጋሼ ደምሴ (ጋሼ የምለው ለመጨረሻ ጊዜ ነው) ለቅሶሽን የራሱ አደረገው። ልጁን ከትልቅ ቤት ሊድር ሽማግሌ ልኳል፤ ታዲያ እህቱ ገበያ መሀል በሳቅ የምትንከተከት ሴት እንደነበረች እንዲነሳበት አልፈለገም። በቁምሽ «አፏ ክዳን የለው» ይልሽ የነበረ ሰውዬ፣ ስትሞቺ ክዳኑን ይዞ መጣ።

የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ወጥቶ ይታይ የለ? ያንቺን ቀሚስ አየና «ይኼማ ያሳፍራል» አለ። የጎረቤታችንን የእትዬ በላይነሽን ጥልፍ ቀሚስ ተውሶ፣ ያንቺ ነው ብሎ በዘንግ ሰቀለው። መሬቱ ጭቃ ነበር። ቀሚሱ ከዘንጉ ወልቆ ወደቀና ለቀስተኛው ረገጠው። እትዬ በላይነሽ «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» እያሉ ደረታቸውን ደለቁ። ሰዉም «አቤት፣ እንዴት ቢወዷት ነው!» አለ። ሴትዮዋ የሚያለቅሱት ለቀሚሳቸው ነበር።

ይህን ቻልኩት። ከዚያ ከገበያ ከተማችን ከቀየት የተጠሩት አልቃሽ፣ እማማ አስካለ፣ መሀል ገቡና እንዲህ አሉ፦

አንገቷን ደፍታ ቀና ብላ ማታውቅ፣
ጨዋ እመቤት ጥርስ አውጥታ ማትስቅ።

ሳቄ አመለጠኝ። እያለቀስኩ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ግን አመለጠኝ። ኧረ ይቺ ማናት! አንቺ እኮ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲባል «እኛ ቤት ድሮም ተደራጅተናል፤ አንድ እንጀራ ለአምስት ሰው» ብለሽ ስብሰባውን የበተንሽ ሴት ነሽ! ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲያ ገና ስትገቢ ፊቱ ይጠቁር አልነበር? እሱም ቀብርሽ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልማታዊ እናት» ብሎሽ ሄደ። ይሉኝታ የሌለው።

ደምሴ እጄን ጎትቶ አወጣኝ። «አሳዳጊ የበደለሽ! ተዝካሯ ዕለት በሰው ፊት የእማማ አስካለን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። እምቢ ካልሽ ለቀስተኛው መሀል እንዳላይሽ!» አለኝ። ጉልበት መሳሙ ምኔም አይደለም። ግን ጉልበታቸውን ስሜ ዝም ካልኩ «አዎ፣ እናቴ ዝምተኛ ነበረች» ማለቴ ነው። ካልሳምኩ ደግሞ ያንቺን ተዝካር ከበጎች ጋር ልውል ነው።

እስከ ተዝካሩ ድረስ ያ የሳሩ ነገር ነበር ትዝ የሚለኝ። የጓሳ ሜዳው የጣራ ሳር ለአጨዳ የተፈቀደ ጊዜ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ታማ ሳታጭድ ቀረች። ጣራዋ ወንፊት ነበር። አንቺ ለኛ ቤት ያጨድሽውን ከአህያ ላይ በሯ ላይ አራገፍሽና «ይኼ ሳር ከኔ ጣራ ጋር ተጣልቷል፤ እስኪታረቁ አንቺ ጋ ይደር» አልሻት። ሳቀች እንጂ አላፈረችም። ክረምቱን እኛ ቤት ሲያፈስ፣ አባባ ሳህን እየደቀኑ ሲያጉረመርሙ፣ «ምን ላድርግ፣ ገና አልታረቁም» እያልሽ ታስቂያቸው ነበር። ይህን ሁሉ አልብሰው ቀብረው፣ አንገቷን የደፋች እመቤት ሊሰጡኝ! አልቀበልም።

ተዝካሩ ደረሰ። ከሩቅ ለመጡት እንደገና ይለቀስ ተባለ። ደምሴ በአገጩ ጠቆመኝ። ሄጄ እማማ አስካለ ፊት ተንበረከክሁ፣ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ደምሴ እንደ አውራ ዶሮ ተነፋ። ተነሳሁና ወደ ቦታዬ በመመለስ ፈንታ መሀል ገባሁ፦

ከቀየት ገበያ እናቴ ስትስቅ፣
ጓሳ ላይ ያለ በግ ነበር የሚሳቀቅ።
ዝም አለች አትበሉ፣ መች እሷ ዝም ትላለች፣
መቃብር ቆፋሪን በሳቅ ትገድላለች።

ከዚያ ያቺ ሳር የሰጠሻት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ብትወትፍም ሳቋ ፈነዳ። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ አባባ። አባባ እየሳቁ ነው ያለቀሱት፤ ከሄድሽ ወዲህ እንባቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ደምሴ «አዋረደችን! ዝም አሰኟት!» እያለ ይጮሃል። ማን ይስማው።

እማማ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ የነገሩኝን ነው ያለቀስኩት። እናትሽን በዐይኔ አይቻት አላውቅም። በይ እውነቱን ንገሪኝና አሁን ላልቅሳት» አሉኝ። እኔ ስነግራቸው እሳቸው በግጥም ሲያወጡት፣ ሰዉ ሲስቅ ሲያለቅስ፣ ቀኑ መሸ።

ደምሴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ለልጁ ጋብቻ የላካቸው ሽማግሌዎች ምን እንዳሉት አልጠየቅሁም፤ ደንታም የለኝ። አንቺ ብትሆኚ አስቀሽ ታስታርቂው ነበር። እኔ ያንቺን ሆድ አልወረስኩም፣ ይቅር በይኝ። የወረስኩት ምላስሽን ነው። «እናትሽ እንዴት ያለች ነበረች?» ያለኝን ሁሉ አስቀምጬ፣ ያልሽውን እንዳልሽው እነግረዋለሁ። እኔ አፍ እያለኝ አንቺ ዝም አትዪም።

ልጅሽ ጥሩወርቅ