የአባባ ጉም

መስከረም 26

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ የማድበስበሻ ቃላት አስተማርኩ። "አባውት" (ገደማ)፣ "ሶርት ኦፍ" (ዓይነት ነገር)፣ "ቬግ"፣ "ብለሪ"... ልጆቹ ወደዱት። አይወዱትማ? ደባርቅ ተወልዶ ቁርጡን የሚናገር ማን አለ? መንገድ ስንጠየቅ "እዚችው ናት" እንላለን፤ ሊማሊሞ ተወርዶ ይሆናል "እዚችው" የተባለችው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

ጥበብ፣ መስኮት ሥር የምትቀመጠዋ፣ "ቲቸር፣ ቬግና ብለሪ ልዩነታቸው ምንድን ነው?" አለችኝ። አፌ እንዳመጣልኝ፣ ቬግ፣ የተድበሰበሰው፣ የሚናገረው ሰው ችግር ነው፤ ብለሪ፣ ብዥ ያለው፣ የሚያየው ዓይን አልኳት። ቤት ገብቼ ሳስበው ጥሩ መልስ ሆኖ አገኘሁት። ራሴን አደነቅኩ። ሌላ ማን ያድንቀኝ?

መስከረም 30

ጉም። ልብስም አይደርቅ።

ጥቅምት 4

አባባን እንዴት አደሩ ስላቸው፣ "እንዲያው... ደህና።" ጉልበትዎስ? "እሱም እንዲያው።" አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል የኔን ትምህርት ሳይማሩ ተመርቀዋል! ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በረንዳ ላይ ዳዊታቸውን ዘረጉ። ድምፃቸው ሲንቆረቆር እየሰማሁ ወጣሁ። ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ጥቅምት 9

ፀሐይ ወጣች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። በቡይት ራስ በኩል ያለው ተራራ ሁሉ ጥርት ብሎ ታየ። ነጠላዬን ሳሰጣ አባባ ከበረንዳው፣ "ዛሬም ጉሙ አልለቀቀንም" አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ክረምቱን በሙሉ "ጉም ነው" ሲሉኝ፣ አዎ ጉም ነው ስል ከረምኩ። ነበራ ጉም! ግን ዳዊቱስ? በየቀኑ ያነባሉ... ያነባሉ እንዴ? ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ቅጠል ለመግለጥ ደግሞ ጣት ይበቃል።

ጥቅምት 10

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ዓይንዎን ያምዎታል? ትንሽ ትንሽ። ያያሉ ግን? ደህና ነው፣ ደህና ነው። ተናደድኩ።

"አባባ፣ አሁን እኔን ሲያዩኝ ምን ይታይዎታል?"

እጃቸውን ወደ ትከሻዬ ዘርግተው፣ "ነጠላሽ ነጣ ብሎ ይታየኛል" አሉ። "ፊትሽን ካየሁት ግን ቆየሁ፣ ናዝራዊት።"

አለቀስኩ። ለምን ደበቁኝ? ፈርተው ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚካኤል ለት ድርሳኑን የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ጠፋ ከተባለ መጽሐፉ ለሌላ ይሰጣል፤ ያውም ለኅዳር ሚካኤል። ታዲያ እስካሁን እንዴት አነበቡት? የየወሩን በቃላቸው ይዘውታል። እኔ እያለሁ ብቻቸውን ይህን ሁሉ ጭንቅ...

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላቸው "እስቲ..." አሉ። እስቲ የለም አልኳቸው። አባቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ጸጸተኝ? ኧረ አልጸጸተኝም።

ጥቅምት 18

ጎንደር ደርሰን መጣን። ከዳባት እስከ ኮሶዬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ምን ይሰማዎታል ስትላቸው ደግሞ "እንዲያው" ሊሉ ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። አላሉም። መቼ እንደጀመረ፣ የትኛው ዓይን እንደሚብስ፣ መብራት ሲያዩ ምን እንደሚሆን፣ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለች። ተመስገን!

ጥቅምት 26

ትናንት ጎንደር የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። ዛሬ ጨርቁ ሲነሣ ቀና ብለው አዩኝ። አዩኝ...

"እናትሽን መስለሻል" አሉ።

"ትንሽ?"

"ቁርጥ እሷን።"

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። አባባ ድርሳኑን ተቀብለው ማንበብ ጀመሩ። ግን ቀስ... በጣም ቀስ። ድሮ እንደ ውሃ ነበር የሚያወርዱት። አጠገቤ የቆሙት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከሕክምናው በኋላ ባሰባቸው እንዴ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኔን ከጣታቸው አላነሣሁም።

ስንመለስ አላስችል አለኝ። በቃልዎ የሚያውቁትን ምነው እንዲህ ተንቀራፈፉበት? አልታይ ብሎዎት ነው?

"ፊደሎቹን ሳላያቸው ስጠራቸው ነው የከረምኩት" አሉ። "ዛሬ ፊት ለፊት አግኝቻቸው ዝም ብዬ ልለፋቸው?"

ክንዴን ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። ድንጋዩን እየመረጡ ፊት ፊት ሄዱ። እኔ ከኋላ እሳቸውን ሳይ ተደናቀፍኩ።