ማንም ያልወሰደው ሃያ ብር

ሐሙስ

«አይሠራም» አልኳቸው፣ ሳላስብ። ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ስለው የምውለውን ቃል ቤት ድረስ ይዤው መጣሁ ማለት ነው።

እማማ ለተማርያም አከራዬ ናቸው። ከደሴ ተዛውሬ ሰቆጣ ገንዘብ ከፋይ ከሆንኩ ወዲህ እሳቸው ግቢ ነው የምኖረው። እንደ አከራይ ሳይሆን እንደ አክስት ይቆጡኛል። ዛሬ ከሥራ ስገባ ዝናቡ አባርቶ ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። እማማ ከጉሙ ውስጥ ጠሩኝ፤ መጀመሪያ ድምፃቸው ነው የመጣው፣ ቀጥሎ ነጠላቸው። ከመቀነታቸው አንድ ቋጠሮ ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

ሃያ ብር። ሁለት አስር አይደለም፣ አራት አምስትም አይደለም። አንድ ወረቀት፣ ሃያ ብር!

ሃያ የሚባል ወረቀት እንደነበረ የሰማሁት ሥልጠና ላይ ነው፣ ያውም በጨዋታ መሐል። በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቡናማ ነው። ከመታጠፉ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ላዩ ላይ ያሉት ንጉሡ ከእማማ እኩል አርጅተዋል።

«እንደማይሠራማ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «የጠየቅሁሽ ማርያም ዘንድ ይሠራ እንደሁ ነው።»

እሱን አላሠለጠኑንም። «ቄስ ይጠይቁ» ብዬ ወደ ክፍሌ ሸሸሁ። አሁን እየጻፍኩ እንኳ ጣቶቼ ላይ ልስላሴው አለ።

ዓርብ

ዛሬ አበራሽ ደወሉ።

አበራሽ የእማማ ታናሽ እህት ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ መኪና ተጭነው ኢሉባቦር ወረዱ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። ሞተዋል ተብሎ ተለቅሶላቸዋል። ዘንድሮ ነው የልጅ ልጃቸው በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል አፈላልጎ አፈላልጎ የእማማን ሰፈር ያገኘው። ሹፌሩ ለልጁ የሰጠው ስልክ ደግሞ የኔ ነው፤ እማማ ስልክ የላቸውም።

«አዲስ አበባ ገብቻለሁ፤ እሑድ በጠዋት እሳፈራለሁ» አሉ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው። ከዚያ ስልኩን ለእማማ ያዝኩላቸው፤ ወደ ኽምጣንጋ፣ ወደ አገውኛቸው፣ ዞሩና ሁለቱም እያለቀሱ ሲያወሩ ቆዩ። አንድ ቃል አልገባኝም።

«አበራሽ ኽምጣንጋውን እንዴት ሳይረሱት ቀሩ? እዚያ ከማን ጋር ያወሩታል?» አልኩ በኋላ።

«ከፍየሎቿ ጋር» አሉ እማማ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የምር ነው።

ዛሬ ንጋት ላይ ደግሞ ሕልም አይቼ ነበር። መስኮቴ ፊት የተሻሩ ብሮች ተሰልፈዋል። ያ የአንድ ብሩ ልጅ አለ፤ ትንሽ ሆኜ ከረሜላ የገዛሁበት ወረቀት ላይ የነበረው። የድሮው አስር ላይ ሰፌድ የምትሰፋዋ ሴት አለች፣ ስፌቷን አላቆመችም። የድሮው ሃምሳ ገበሬ በሬዎቹን ይዞ መጥቶ ጥበቃው አላስገባ ብሎታል። ሁሉም አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ ማሽኔ ተበላሽቷል። ከሁሉም ኋላ ንጉሡ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አልተጋፉም።

ይህን ለሥራ አስኪያጃችን ባወራለት ፈቃድ ያስወጣኛል።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ነው የሠራሁት። ከሰዓት ከእማማ ጋር ምስር ስንለቅም ነገሩን ነገሩኝ። ፍልሰታን እየጾሙ ስለሆነ ድምፃቸው ደክሟል፤ እየተጠጋሁ ነው የሰማሁት።

ብሩ የእናታቸው ጥሎሽ ነበር። ከድርቁ በፊት ማንም አልነካውም፤ የእናት ነገር ነው ተብሎ ተቀመጠ። በድርቁ ጊዜ እማማ ለእህል ይዘውት ገበያ ወጡ። ነጋዴው አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ንጉሡም ተሽረዋል፣ ብሩም ተሽሯል» አላቸው። ወደ ሌላው ሄዱ። ሌላውም መለሰላቸው። አንዱማ ስቆባቸዋል፤ እስካሁን ሳቁን አልረሱትም።

በማግስቱ አበራሽን የሰፈራው መኪና ወሰዳቸው። እማማ ከኋላ ሮጡ። ያ ብር እጃቸው ላይ ነበር። «ማርያም፣ እህቴን ባይኔ ካሳየሽኝ ይህን ላንች አገባለሁ» ብለው ተሳሉ።

«ለምን እሱን?» አልኩ። ጅል ጥያቄ።

«ሌላ ምን ነበረኝ ልጅየ? ፍየሏ ሞታ፣ ጎታው ተጠርጎ። ቤት ውስጥ የቀረው ማንም ያልወሰደው ብቻ ነው።»

እና ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት የሚያብሰለስላቸው እሱ ነው። ነጋዴ የናቀውን ለእመቤቴ መሳል ስድብ ይሆንብኝ ይሆን? እህቴ የዘገየችብኝ ለዚያ ይሆን?

እኔ የባንክ ሰው አይደለሁ? መፍትሔ አመጣሁ። አዲስ፣ ያልታጠፉ ሁለት አስር ብሮች ላመጣላቸው፤ ከፈለጉም ሁለት መቶ። ገና ሳልጨርስ ምስሩን ወደ ጎን ገፉት።

«ስለት ይለወጣል እንዴ? በግ የተሳለ ሰው ዶሮ ያገባል?»

ተቆጡኝ። እስከ ራት አላናገሩኝም። ከዚያ ራሳቸው ጠሩኝና ጠጠር ያስቀረሁበትን ምስር አሳዩኝ።

እሑድ

ተሳፈሩ! ጠዋት አበራሽ ከመናኸሪያ ደወሉ፤ ጩኸቱ ውስጥ «ወልድያ አድራለሁ፣ ሰኞ አይንሽን አያለሁ» የሚለው ብቻ ተሰማ።

እማማ ከሰዓት ማርያምን ሊሳለሙ ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ በደጄ በኩል አየኋቸው። እንደ ልጅ ነበር የሚራመዱት። ሲመለሱ መቀነታቸው ላይ ቋጠሮው የለም።

«አገቡት?»

«ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ከተትኩት።»

«ሳያዩዋቸው? እንግዲያ ቀብድ ከፈሉ በሉኛ!»

«አፍሽን» አሉኝ፤ ግን ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው «መንገዱን ታሳጥርልኝ ብዬ ነው» አሉ።

ማታ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የሙዳየ ምጽዋቱ ብር የት ነው የሚሄደው? ትራሴን ገልብጬ ተኛሁ። ሕልም የለም።

ሰኞ

የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ወደ እኔ ነው።

ረፋዱ ላይ የደብሩ ገንዘብ ያዥ ጆንያውን ተሸክመው መጡ። ጥንቁቅ ሰው ናቸው፣ ሁልጊዜ አምስቱን ከአምስት፣ አስሩን ከአስር ለይተው ያመጣሉ። ከመሐል የማይመደብ አንድ ነገር ወጣ። ለስላሳ። ቡናማ።

«ይህንን ልጆች ይሆናሉ የከተቱት» አሉ። «ከድምሩ አውጪና ጣይው።»

መጣያው እግሬ ሥር ነው። እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ ግን ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ፊርማቸውን ፈርመው ሲወጡ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። ቀጣዩ ደንበኛ መታወቂያውን አቀበለኝ። አለቀ።

ቀኑን ሙሉ ያ ሃያ ብር ቦርሳዬ ውስጥ ይተነፍስ ነበር። ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ቆጠርኩ። ማሽኑን አመካኘሁ።

ቤት ስገባ እማማ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ አውቶቡሱ አልገባም። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፦

«የማርያም ብር ዛሬ እናንተ ዘንድ ይመጣል አይደል? ስለቴ ገብቷል?»

«ገብቷል፣ እማማ።»

ምን ልበል? ስለትዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከከንፈር ቅባቴ ጋር? የሰጡት ነገር በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሶ እርስዎ ግቢ ገባ ልበላቸው?

ማክሰኞ

አውቶቡሱ አልመጣም። ከወልድያ ወዲህ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፤ መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። ሰው ደህና ነው፣ መንገደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ አድሯል ይላሉ። እነማን እንዳሉበት ግን ማንም አያውቅም። የአበራሽ ስልክ አይሠራም።

እማማ ከቅዳሴ መልስም እህል አልቀመሱም። ቀሚሱን አውልቀው አጥፈው አስቀምጠውታል።

«አልተቀበለችኝም» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። «የተሻረ ነገር ሰጥቻት።»

«ጎርፍ ነው እማማ። ነሐሴ ነው፣ ጎርፍ መች ቀርቶ ያውቃል?»

«ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ነበር ልጅየ። ዛሬ ነው የሚቆረጠው?»

ጎርፉን እኔ እንዳላመጣሁት አውቃለሁ። ዲግሪ አለኝ። ግን ቦርሳዬን ከአልጋዬ በላይ መስቀል ፈራሁ፣ ከአልጋዬ ሥር ማስቀመጥም ድፍረት መሰለኝ። ወንበር ላይ አስቀምጬው ፊት ለፊት ተያየን።

ረቡዕ

ከሥራ በፊት ዳገቱን ወጣሁ። ጉም ነበር፤ ከፊቴ ያለው ዛፍ እንኳ የሚታየው ስደርስበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የለም፣ የለም፣ ከዚያ ድንገት ጣሪያው አለ።

ቄሰ ገበዙን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ነጋዴዎቹን፣ መኪናውን፣ ጆንያውን፣ ቦርሳዬን፣ «ገብቷል» ያልኩትን ውሸት። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ከዚያ ብሩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«እና የሰው ስለት በቦርሳሽ ይዘሽ ስትዞሪ ሰነበትሽ።»

«ባንክ አይቀበለውም አባ፣ እኔ…»

«ባንክን ማን ጠየቀው? ሰው ጃንጥላ ሲያገባልን ባንክ ይመነዝረዋል ወይ እንላለን? መጋረጃስ? ደወልስ?»

ልክ ናቸው። ወረቀት ስለሆነ ብቻ ሁላችንም እንደ ገንዘብ አየነው፤ እማማ ግን ዕቃ ነው የተሳሉት። ቤት ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ዕቃ።

«ማንም ያልወሰደው ስለሆነ ስድብ ይሆንብኛል ብለው ይፈራሉ» አልኩ።

«የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ታውቂያለሽ፤ በባዶ ሆዴ ስብከት አታስጀምሪኝ» አሉና ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከውስጥ የእንጨት ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ተመልሰው ሲወጡ ሣጥኑን ይዘው ነው፤ ሊያሳዩኝ። ሥሩ ላይ ጥቁር ያሉ ጠገራ ብሮች አሉ፣ ማን መቼ እንዳገባቸው የማይታወቅ። ሃያ ብሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከላያቸው አስተኙት። ንጉሡ መልካም ቦታ አገኙ።

«ለእማማ እውነቱን ልንገራቸው?» አልኩ።

«እሱን እኔን አትጠይቂ።»

ስወርድ ቦርሳዬ ባዶ የሆነ ያህል ቀለለኝ። እንደ ደነዘዝኩ ሥራ ገባሁ፤ አርፍጄ ተቆጡኝ። አውቶቡስ ዛሬም የለም። ግን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሊከፈት ነው ሲሉ ሰማሁ። ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ሌላ ያልጨበጥኩትን ነገር «ገብቷል» ላለማለት።

ሐሙስ

መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር። «መናኸሪያ ነኝ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ አበራሽ። የማንም ልጅ አይደለሁም ልል ብዬ «የለተማርያም» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። በባጃጅ አመጣኋቸው። ትንሽ ሴት ናቸው፣ አንድ ፌስታል ብቻ ይዘዋል፣ መንገዱን ሙሉ ግራ ቀኙን እያዩ «ይህ አልነበረም፣ ይህም አልነበረም» ይላሉ። ተራራው ሲታይ ብቻ «ይህ ነበረ» አሉ።

እማማ ቀሚሱን አልለበሱም ነበር። ግቢ መሐል ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ነው የደረስነው። ቀና አሉ። አበራሽ በኽምጣንጋ አንዲት አጭር ነገር አሉ። እማማ መኮትኮቻውን ጣሉት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ ፊቴን አዙሬ ስለነበር አላየሁትም፣ የሰማሁትም የእኔ ቋንቋ አይደለም። የባጃጁ ሹፌር እንኳ ሂሳብ ሳይጠይቅ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ሦስታችንም አብረን ተቀመጥን። እማማ የእህታቸውን እጅ አይለቁም፤ በአንድ እጃቸው ነው የሚበሉት። ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለቴ ገብቷል?»

«ገብቷል፣ እማማ። ዕቃ ቤት ነው ያለው። ቄሰ ገበዙ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከጠገራ ብሮቹ ጋር አኖሩት። በዓይኔ አየሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ሽሽት የለም፤ እኔም አየኋቸው።

«ሰኞም ገብቷል ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ሰኞ ግን መሬት መሬት እያየሽ ነው ያልሽኝ» አሉና፣ የእህታቸውን እጅ ሳይለቁ፣ በሌላኛው እጃቸው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።