አዱሬ የማትገባበት ክፍል

ሰኔ 8

አይጥ ዛሬም የማውላቸውን ልጆች የፋፋ ከረጢት ቀዶ ገባበት። ከጣሪያው በገመድ ሰቅዬው ነበር… በገመዱ ወርዶ በላ። ኦቦ ሙለታ ልጁን ለሊሴን ሊያደርስ ሲመጣ ከረጢቱን አሳየሁት። ሳቀብኝ። «አካም ጂርታ እንኳ ሳልልሽ አይጥ ታሳዪኛለሽ?» ከባኮ ሲመለስ ድመት ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገባ። የጭነት መኪና ሹፌር ቃል… እናያለን።

ሦስቱም ልጆች ደህና ዋሉ። የጓሮዋ ክፍል ተመችታቸዋለች። ከምሳ በኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ድሮ ፈዲሉን ለማስተኛት ስንት ተረት ነበር የማወራው! ቀበሌው በግንቦት ክፍሏን የሰጠኝ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። ይኖሩባት የነበሩት ሽማግሌ፣ አቶ ገብረአማኑኤል፣ አምና የሞቱት እዚያ ነው። እኔ ግን ምን ቸገረኝ? ሰው ያልሞተበት ቤት የት አለ?

ሰኔ 11

ዝናብ ብቻ።

ሰኔ 14

መጣች! በበቆሎ ጆንያ ውስጥ። ግራጫ፣ ጭራዋ ቀጭን፣ ጆሮዋ ከጭንቅላቷ የሚበልጥ። የሙለታን እጅ ቧጥጣዋለች። «ከባኮ ጀምሮ ስትሰድበኝ ነው የመጣችው» አለ።

ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፍኩላት፣ ለሽንቷ አመድ በጣሳ። ልጆቹን በየተራ ነው ያስነካኋቸው። «በአንድ ጣት ብቻ። ጭራ መጎተት የለም።» ትንሹ ይገዙ ጆሮዋን ሊቀምሰው ነበር… ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ የወደደውን ሁሉ ይቀምሳል። ለሊሴ «አዱሬ» አለቻት። በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ሌሎቹም ተከተሏት። ስሟ ሆነ።

ሰኔ 19

አንድ ነገር…

አዱሬ ልጆቹን በሄዱበት ሁሉ ትከተላለች። ፖፖ ላይ ሲቀመጡ እንኳ ፊታቸው ቁጭ ትላለች። ወደ ጓሮዋ ክፍል ግን አትገባም። ወደ ክፍሏ የሚወርዱት ደረጃዎች ጫፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ታያለች። ግድግዳውን አይደለም፣ ልጆቹንም አይደለም… ወለሉን። ዛሬ ፈዲሉ አቅፎ ሊያስገባት ሲል ፀጉሯ ቆመ፤ ትከሻውን ረግጣ ዘለለች።

ለሊሴ «ኢን ሶዳቲ» አለች። ትፈራለች።

ምኑን? አልኳት። ድመቷን ልትፈልግ ሮጠች።

ሰኔ 24

ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ ክፍሉ ጨለመ። ልጆቹ ሲነሱ ላለባብሳቸው ኩራዝ አብርቼ ጥጉ ላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ጠፋ። በሩ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም። እንደገና ለኮስኩ። አስቀመጥኩ። ጠፋ… ሰው በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እንዳጠፋው። ጭሱ እንኳ ወደ ላይ አልወጣም፤ መሬት ለመሬት ተኛ።

መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ነደደ።

ጋዙ ውሃ ገብቶበት ይሆናል።

ሐምሌ 2

ፈዲሉ ከእንቅልፉ እያለቀሰ ተነሳ። ራሴን አለ። ላብ በላብ ሆኗል፣ ሮጦ እንደመጣ ሰው ያለከልካል።

«እትዬ ሸዋ፣ ሽማግሌው ደረቴ ላይ ተቀመጠ።»

የቱ ሽማግሌ?

«ከታች የሚመጣው።»

ስለ አቶ ገብረአማኑኤል ለልጆቹ የነገረ የለም። እኔ አልነገርኩም። ማን ነገረው?

ጎረቤቴ አየለች ስትሰማ «ዱካክ ነው፣ ጠበል እርጪበት» አለች። የፈዲሉ እናት ዘሀራ ሙስሊም ናት። ልጇን ጠበል ረጭቼ ምን ልላት ነው? ተውኩት። ግን ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን መቆም ከበደኝ… ጀርባዬን ለበሩ እንጂ ለወለሉ መስጠት አልችልም። ወለል ጀርባ አይሰጠውም፣ አውቃለሁ። ግን እንዲያ ነው የሚሰማኝ።

ሐምሌ 9

አዱሬ ጠፍታ ስንፈልጋት… ልጆቹ የወረወሩትን የጨርቅ ኳስ ስታባርር ነው መሰለኝ፣ የጓሮዋ ክፍል ወለል ላይ ተዘርግታ አገኘኋት። አፏ ተከፍቷል። አትተነፍስም። ልጆቹ እንዳያዩ በቀሚሴ ጫፍ ሸፍኜ ልቀብራት ወደ ግቢው ወጣሁ። ዝናቡ ፊቷን ሲመታት አነጠሰች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ።

አየለች ከአጥሩ ማዶ ቆማ ኖሯል። «ሞታ ተነሳች!» ብላ አማተበች። እስኪመሽ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

ሐምሌ 12

እናቶቹ አብረው መጡ። ቴሌ የምትሠራው የይገዙ እናት ወርቅውሃ ቆማ ነው የተናገረችው። «የድመት ፀጉር ነው። አስም ልታስይዛቸው ነው። ልጄ ትንፋሽ ያጥረዋል።» ዘሀራ ቀስ ብላ፣ «እትዬ ሸዋ፣ አትቀየሚኝ… ፈዲሉ እንዲህ የሆነው እሷ ከመጣች ወዲህ ነው።» ወይ ድመቷ ወይ ልጆቻችን ነው ነገሩ።

ከመጣች ወዲህ? ክፍሉ የመጣው በግንቦት፣ ድመቷ በሰኔ፣ ዝናቡም በሰኔ። ሁሉም ተከታትሎ መጣ… ማን ይለየዋል?

ልጆቹ ከሄዱ ምን እበላለሁ?

ሐምሌ 14

ሞታ የተነሳች ድመት ማን ይወስዳል? አየለች በጆንያ አስረን ሁሉቃ ወንዝ እንጣላት አለች። እምቢ አልኩ።

አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ወለተማርያም፣ የአቶ ገብረአማኑኤል ሚስት። ከእሳቸው በብዙ ታንሳለች፣ የእኔ እኩያ ናት። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ዳገቱ ላይ እናቷ በተዉላት ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሰው ከእጇ አይበላም። አምና ለፍልሰታ ሱባኤ አዲስ ዓለም ማርያም ሄዳ ስትመለስ ነው ሞተው ያገኘቻቸው። ስትሄድ ደህና የነበሩ ሰው። «ምን አብልታቸው ሄደች?» ተባለ። ተባለ ቀረ።

በሩን በግማሽ ከፈተች። «ድመት? ለእኔ?» ሰው አንኳኩቶባት የሚያውቅ አይመስልም። አዱሬ ግን ደፉ ላይ ሳትቆም ገባች። ጥጉን ሁሉ አሽትታ ወለሉ መሃል ተጋደመች።

ሐምሌ 15

ለሊሴ ባዶውን የአዱሬ ካርቶን ታቅፋ ዋለች።

ሐምሌ 23

ድመቷ የለችም። ራስ ምታቱ አለ። ይባስ ብሎ ዛሬ ይገዙን አስመለሰው። ታዲያ?… ዝናቡ አያባራም። ግቢው ረግረግ ሆኗል፣ ውሃው የሚሰርግበት አጥቶ ተኝቷል።

ነሐሴ 3

ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ሦስቱን አስተኛሁ። ዝናቡ ስለበረታ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ሳህን አጠብኩ። ፈዲሉ ሲተኛ ያንኮራፋል… ዛሬ ጸጥ። ገባሁ። ተኝተዋል። አተነፋፈሳቸው ፈጣን፣ የቡችላ ዓይነት። ያን ሽማግሌ እስቲ እኔም ልየው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ላየው ፈለግሁ። አጠገባቸው ጋደም አልኩ።

ጉንጬ ፍራሹን ሲነካ አፍንጫዬን ወጋኝ። የአምቦ ውሃ ገና እንደተከፈተ ሲጠጡት አፍንጫ ላይ እንደሚወጋው… እሱ ራሱ። ምላሴ ጫፍ ኮመጠጠ። ልቤ ከበሮ መታ። ደረቴ ላይ ሰው ተቀመጠ። ክብደቱን አሁን አውቀዋለሁ። ተነሺ ሸዋ አልኩ፤ እግሬ አልሰማ አለኝ። ዓይኔ እየጠቆረ አዱሬ መጣችብኝ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ወለሉን ስታይ። ወለሉን! ያኔ ገባኝ።

በጉልበቴ ቆምኩ። ራሴ ከፍ ሲል አየር አገኘሁ። ፈዲሉን ጎትቼ ደረጃው ላይ ጣልኩት። ለሊሴን። ይገዙ ከፍራሹ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ነበር… ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ። ይዤው ዝናብ ውስጥ ወጣሁ። ጀርባውን መታሁ፣ አፉ ላይ ተነፈስኩ፣ ማንን እንደጠራሁ አላውቅም። ከጉሮሮው አንድ ነገር ተንቋቋ፣ ከዚያ ጮኸ። እንደዚያ ጩኸት የጣመኝ ነገር የለም።

ጤና ጣቢያ አሳደሩት። ወርቅውሃ ከሥራዋ ሮጣ መጣች። «ልጄን ምን አደረግሽው?» ከመሬት የሚወጣ አየር ነው አልኳት። እብድ እንደምታይ አየችኝ።

ነሐሴ 5

ይገዙ ደህና ነው። እኔ ጋ ግን አይመለስም። ዘሀራ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሙለታ ፍራሹን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ጣለው።

ነሐሴ 10

ቀበሌ ሄድኩ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አርማ ይቀባሉ፣ የሚሰማ የለም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሞሲሳ «ጓዲት ሸዋገነት፣ ክፍሉን ካልፈለግሽው ይመለስ። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ይጠብቃል» አለኝ። ስድስት! ክንዱን ይዤ ነው ያመጣሁት።

ኩራዙን በሲባጎ አስሬ ከደረጃው ወደ ታች አወረድኩት። ጉልበት ላይ ሲደርስ ጠፋ። «ስጪኝ» አለ። ራሱ ለኮሰ፣ ራሱ አወረደ። ጠፋ። እንደገና። ወደ ጨለማው አጎነበሰ… ከዚያ እግዚአብሔር የለም ሲል የኖረው ጓድ ሞሲሳ «በስመ አብ» አለ።

እንዲህ ነው የመሰለኝ። የአምቦ ውሃችንን የሚያፈላው አየር የክረምት ዝናብ መሬቱን ሲደፍንበት በዚያ ወለል ስንጥቅ ይወጣል። እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይሞላል። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው። ድመት ደግሞ አፍንጫዋ ለመሬት ቅርብ ነው።

ሞሲሳ ለአርማው የመጣውን ምስማር አምጥቶ በሩን በራሱ እጅ ቸነከረው። ስድስቱ ነፍስ ሌላ ቤት ይፈለግላቸዋል አለ።

ሲመታ አንድ ነገር ራሴን መታኝ። አቶ ገብረአማኑኤል!

ነሐሴ 11

ወለተማርያም ጋ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሳልቀመጥ ነገርኳት። «ከእጅሽ በበሉት አልሞቱም። ወለሉ ነው የገደላቸው። አሁን ቀበሌውም አይቷል፣ አገሩም ያውቃል።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

አዱሬ ጭኗ ላይ ናት። ጀርባዋን ሲዳብስ የነበረው የወለተማርያም እጅ ቆመ። «ከመሬት ነው የሚወጣው?» አለች። አዎ። «በሩ ሲዘጋ ይብሳል?» አዎ… አልኩ፣ ምን እንደምትጠይቀኝ ሳይገባኝ።

«ጋሼ ሳል ነበረባቸው» አለች። ባሏን ጋሼ ነው የምትላቸው። «አልጋው ይቆረቁረኛል ብለው መሬት ላይ ነበር የሚተኙት። ስሄድ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ በሩን ከውጭ ጥርቅም አደረግሁት። ከሥሩም ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት።»

ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ችላለች። ይህን ግን እኔ ነኝ ተሸክሜ ያመጣሁባት።

ተነስታ ዳቦ አቀረበች። በላሁ። እስከ ፍርፋሪው በላሁ።

መስከረም 12

ወለተማርያም ራሷ መጣች። በሰፈራችን መንገድ፣ ቀን፣ ሰው እያያት። «ቤቴ ሰፊ ነው፣ ወለሉም ከፍ ያለ ነው። ልጆቹን እዚያ አውያቸው» አለችኝ። አየለች ከአጥሩ ማዶ ሆና «እንደምን ዋልሽ» አለቻት። ወለተማርያም ሌላ ሰው መስሏት ወደ ኋላ ዞራ አየች።

ጥቅምት 4

ዳገቱ ላይ ከገባን ወዲህ ራስ ምታት የሚባል የለም። አዱሬ ከልጆቹ መሃል ትተኛለች።

ዛሬ ወርቅውሃ ይገዙን ይዛ መጣች። ወለተማርያም ለፈዲሉ ገንፎ ስታጎርስ ደርሳ ደፉ ላይ ቀጥ አለች። ማንኪያውን አየች፣ የወለተማርያምን እጅ አየች። ልጇን አውርዳ «ይገዙም አልበላም» አለች።

ከምሳ በኋላ ተኙ። የጥቅምት ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ወለተማርያም በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተች። «ይበርዳቸዋል እኮ» አልኳት። «ይብረዳቸው» አለች። ጋቢዋን አውልቃ ደረበችላቸው፣ ራሷ በነጠላ ቀሚስ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ነፋሱ በሩን ሲገፋው በጀርባዋ መልሳ ትገፋዋለች።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ጸሎት አይደለም። የእያንዳንዳቸውን ትንፋሽ ስትሰማ በስማቸው ትጠራቸዋለች። «ፈዲሉ… ለሊሴ… ይገዙ…»

ከዚያ ጆሮዋን ታቆማለች።

«ጋሼ…»

ትጠብቃለች። እንደገና ከፈዲሉ ትጀምራለች።